ከሰው በፊት አሸዋ

ሃምሳ አለቃውን የተዋወቅኋቸው ሁለት የተሰባበሩ ጃንጥላዎች አቅፌ ሄጄ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ከሚሌኒየሙ አምስት ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እርሳቸው ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። ወታደር እንደነበሩ ከማዕረጋቸው ይታወቃል፤ የትና ምን ይሠሩ እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም። ሳልፍ ሳገድም የማያቸው ሱሪ ሲያሳጥሩና ኮት ሲያጠብቡ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንድ አጭር ቪዲዮ ነው። አብሮኝ የተማረ፣ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ ነበረኝ። እኛ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ስላልነበረ ለክፍል የሚሆን ነገር ባገኘ ቁጥር በፍላሽ ገልብጦ ይሰጠኛል። በዚያ ሰሞን የሰጠኝ ቪዲዮ ከበረሃ በላይ ከሚበር አውሮፕላን አንድ መንኮራኩር ሲጣል የሚያሳይ ነበር። ቅርጹ እንደ ማኅሌት ከበሮ ነው፤ በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ። ይወድቃል፣ ይወድቃል፤ ከዚያ ትንንሽ ፓራሹቶች ይወጣሉ፤ እነሱን ተከትለው ትልልቆቹ ይዘረጋሉ፤ መንኮራኩሩም እየተንሳፈፈ ወርዶ አቧራ አስነስቶ ያርፋል። ጓደኛዬ እንደነገረኝ ይህን የሚያደርገው መንግሥት አይደለም፤ ሰው በክፍያ ጠፈር አድርሶ ለመመለስ ያሰበ የግል ኩባንያ ነው። ሰው የሚሳፈርበት ቀን ገና ዓመታት ይቀሩታል። እስከዚያ ሥራቸው ባዶውን መጣል፣ ማየት፣ ማስተካከል፣ እንደገና መጣል ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሳይንስ ክበቡ ልጆች በላፕቶፔ አሳየኋቸው። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች አንዲት ጠባብ ስክሪን ላይ ተደራርበው አዩት። ቪዲዮው ሲያልቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የክበቡ ሊቀመንበር ነች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ አባቷ ቄስ ናቸው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ አገሯ ትሄዳለች።

«ቲቸር፣ ውስጡ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ክብደት። የሰውና የዕቃ ያህል ክብደት።»

«ሰው መቼ ነው የሚገባው?»

«ፈተናውን ሲያልፍ።»

ትንሽ አሰበችና «እኛ ስንፈተን ነው የምንወድቀው፤ ይኼ ግን ሲወድቅ ነው የሚፈተነው» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የቅኔ ቤት ልጅ ናትና ቃል ገልብጣ ማየት ልማዷ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር በኋላ በትልቁ ጽፈው የክበቡ ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

በሳምንቱ የራሳቸውን መንኮራኩር ሠሩ። የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ተሳፋሪው አንድ እንቁላል ነበር፤ ፓራሹቱ ደግሞ ፌስታል። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ስለነበረ ከላይኛው በረንዳ ላይ ጣሉት። ፌስታሉ ተጠምዝዞ ሳይከፈት ቀረ፤ ጣሳው ሲሚንቶው ላይ ተፈጠፈጠ። እንቁላሉን በማንኪያ ለቀምነው። ከዚያ ነው ጠንከር ያለ ጨርቅ ያስፈልገናል ብለን ከተማሪም ከመምህርም የተሰበረ ጃንጥላ የለመንነው። እኔም ጃንጥላዎቹን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ይኼን ጨርቅ ከሽቦው ነቅለው አንድ ላይ በክብ እንዲሰፉልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን የሚሆን?»

«ለፓራሹት። ተማሪዎቼ ናቸው…»

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና አዩኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«የኔን ሥራ።»

«እኔ የማውቀው ልብስ ሰፊነትዎን ብቻ ነው።»

እያሾፍኩ እንዳልሆነ ፊቴን አይተው አመኑኝ መሰለኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ እስከተበተነበት ቀን ድረስ አሥራ አራት ዓመት በአየር ወለድ ጦር ውስጥ የፓራሹት አጣፊ ነበሩ። እርሳቸው «ጃንጥላ» ነው የሚሉት። ዘላዩ ይዘላል፤ እርሳቸው የተመለሰውን ጃንጥላ ይመረምራሉ፣ የተቀደደውን ይጠግናሉ፣ አጥፈው ከረጢቱ ውስጥ ይከታሉ። መስፋትንም የተማሩት እዚያ ነው። ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ስለዚያ ሥራ የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰው ወታደርን የሚጠይቀው የት ግንባር እንደዋለ ነው።

«ጭነትሽ ስንት ይከብዳል?» አሉኝ።

«አንድ ጣሳና አንድ እንቁላል ነው።»

«ስንት ይከብዳል ነው ያልኩሽ።»

የፊዚክስ መምህር ሆኜ አልመዘንኩትም ነበር።

«መዝነሽ ነይ። የሚጣልበትንም ከፍታ ለክተሽ ነይ። ጨርቁን እዚሁ ተይው።»

በማግስቱ ሊቀመንበሯን አስከትዬ ቁጥሮቹን ይዤ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃው ጨርቁን ከሽቦው ነቅለው፣ አጥበው፣ ተኩሰው ጠብቀውኛል። እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩ፣ ከዚያም አፋቸውን አስጠግተው እፍ ሲሉበት አየሁ። አየር የሚያሳልፈውን ለይተው ወደ ጎን ጣሉት። የተረፈውን በጠመኔ ለክተው ስምንት ቁራጭ አደረጉት። ሰፍተው ሲጨርሱ ግን መሐል አናቱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቀዳዳ ትተዋል።

ልጅቷ ቀዳዳዋን በጣቷ ነካች። «ጋሼ፣ ይኼ አየሩን አያስመልጠውም?»

«ያስመልጠዋል። ለዚያ ነው የተውኩት። መውጫ ያጣ አየር በጠርዝ በኩል ልውጣ እያለ ጃንጥላውን እንደ ሰካራም ያወዛውዘዋል። በአናቱ ትንሽ ስትሰጪው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።»

አላመነቻቸውም። ክፍል ስትመለስ ከተጣለው ጨርቅ በእጇ ሌላ ሰፋች፤ ቀዳዳ የሌለው። ሁለቱን እኩል ክብደት አስራ ከበረንዳው ላይ ጣለቻቸው። ቀዳዳ የሌለው ግራ ቀኝ እየተወናጨፈ ወርዶ ግድግዳ መታ። የሃምሳ አለቃው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። ያደረገችውን ስነግራቸው ይቆጡ ይሆናል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን «ይህቺ ልጅ ለዚህ ሥራ ትሆናለች። እኔው እመጣለሁ» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት መምጣት ጀመሩ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ በበሩ ጥበቃ በኩል ስማቸውን አስመዝግበው ነው የሚገቡት። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እንቁላሉን በጥጥ ጠቅልለው አዘጋጅተው ጠበቋቸው።

«እንቁላሉን መልሱት» አሉ። «አሸዋ አምጡ።»

በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ልክ እንደ እንቁላሉ የሚመዝን አሸዋ አሰሩ። ጣሉት፤ ደህና ወረደ። ልጆቹ ሊያጨበጭቡ ሲሉ «እንደገና» አሉ። እንደገና ጣሉት። አንድ ደብተር አስገዝተው መስመር አሰመሩበት። ነፋሱ እንዴት ነበር፣ ጃንጥላው ቶሎ ተከፈተ ወይስ ዘገየ፣ ጣሳው በየት ጎኑ አረፈ የሚል ዓምድ አለው። መጨረሻው ዓምድ «ያጠፈው» ይላል፤ እዚያ ላይ የልጁ ስምና ፊርማ ይገባል። ጃንጥላው ደህና ሲወርድም፣ ሲጠመዘዝም፣ ያንኑ ደብተር ነው የሚከፍቱት። ተቆጥተው አላየኋቸውም። «ማን አጠፈው?» ይላሉ፤ ልጁ እጁን ያወጣል፤ «እንዴት እንዳጠፍከው አሳየኝ» ይሉታል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሃያዎቹ ልጆች የቀሩት ስምንት ናቸው። ሌሎቹ አሸዋ መጣል ሰለቻቸው። እውነቱን ለመናገር እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ቀን ሊቀመንበሯ ራሷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «ጋሼ፣ እንቁላል እኮ ነው። ቢሰበር ሌላ እናመጣለን» አለቻቸው።

ሃምሳ አለቃው ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«እኛ ዘንድ ማጠፊያው ጠረጴዛ እንደ ሠርግ ዳስ ገበታ ረጅም ነው» አሉ። «ስታጥፊ ማንም አያናግርሽም። ስትጨርሺ ካርዱ ላይ ትፈርሚያለሽ። አንዳንድ ቀን መኮንኑ ድንገት ይገባና ከመደርደሪያው አንዱን ያነሳል። ካርዱን ያነባል። ‹ይኼን ማን አጠፈው?› ይላል። አንድ ቀን ያነሳው የኔን ሆነ። ‹እኔ ነኝ፣ ጌታዬ› አልኩት። ‹እንግዲያው ነገ ጠዋት ይዘኸው ትዘላለህ› አለኝ።»

«ዘለሉ?»

«ዘለልኩ እንጂ።»

«ፈሩ?»

«አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ከፍታውን ግን አልነበረም የፈራሁት። አውሮፕላኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስድስተኛዋን እጥፋት እንዴት እንዳጠፍኳት አስታውሳለሁ ብል እምቢ አለኝ። አምስተኛዋ ትዝ ትለኛለች፤ ሰባተኛዋም ትዝ ትለኛለች። ያቺ አንዲቱ የለችም። ተከፍቶ እስኪያንጠለጥለኝ ድረስ እሷን ስፈልግ ነበር። አዲስ ዓይነት ጃንጥላ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለው አሸዋ ነው። የሰው ክብደት ያለው ጆንያ። አሸዋው ደጋግሞ ደህና ካልወረደ ሰው አይከተለውም። እንቁላሉን ዛሬ እንቁላል ነው ካልሽው እጅሽ ያንኑ ይለምዳል።»

ልጅቷ ተነሥታ ካልሲውን አነሳችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ላፕቶፔን ይዤ በረንዳቸው ላይ ሄድኩና የመንኮራኩሩን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ላይ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ አቁሚው» አሉ።

«አየሽው? አልከፈቱትም።»

«ምኑን?»

«ትልቁን ጃንጥላ። አፉን በገመድ አስረውታል። ተመልከች፣ እንደ ከረጢት ነው። ትንሽ አየር ያስገባሉ፤ ይቆያሉ፤ ከዚያ ማሰሪያው ይቆረጥና በደንብ ይከፈታል። በአንዴ ቢከፍቱት ጨርቁ ይተረተራል፤ ውስጥ ያለውም ሰው አንገቱ ይቀጫል።»

ያን ቪዲዮ ቢያንስ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለተማሪም አስተምሬበታለሁ። የታሰረውን አፍ አላየሁትም ነበር። እርሳቸው የማያውቁትን አገር፣ የማያውቁትን ማሽን በሦስት እይታ እንደ ጓደኛ ሥራ አነበቡት። «ይኼን ያጠፈ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሥራውን ያውቃል።» በዚያች ሰዓት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። ብዙ ዓመት የአገሩን ቋንቋ ሳይሰማ የኖረ ሰው ድንገት ሲሰማው የሚሆነውን ሆኑ።

ፍላሹ ላይ ሌላም ሙከራ ነበረ። በዚያኛው ከትልልቆቹ ፓራሹቶች አንዱ ሳይከፈት ይቀራል፤ መንኮራኩሩ በቀሩት ይወርዳል።

«ይኼ ተበላሸባቸው» አሉ።

«አልተበላሸም። ሆን ብለው ነው ያደረጉት። አንዱ ባይከፈት ምን ይሆናል የሚለውን ለማየት።»

«ራሳቸው?»

«ራሳቸው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በትምህርት ቤታችን የዞኑ የሳይንስ አውደ ርዕይ ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው መጡ። ልጆቹ በጣም የተማመኑባትን፣ አንዴም ያላሳፈረቻቸውን ጃንጥላ ዘርግተው አሳዩአቸው። ሃምሳ አለቃው ከኪሳቸው መቀስ አወጡና ጣሳውን ከሚያንጠለጥሉት ስምንት ሲባጎዎች ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ቆረጧቸው። አንዷ ልጅ እንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» አለች ሊቀመንበሯ።

«ምንም አላጠፋችሁም። አሸዋውን እሰሩና ጣሉት።»

ጣሉት። ጃንጥላው ተንጋደደ፣ ወደ ሕንፃው ሸሸ፣ ጣሳው ግድግዳውን ታክኮ በጎኑ ወደቀ። ጣሳው ሰርጉዷል። ልጅቷ የሰረጎደውን በእጇ ዳሰሰችና ወደ እርሳቸው ቀና አለች።

«እንቁላል ቢኖርበት ተሰብሮ ነበር» አለች።

«ተሰብሮ ነበር። ገመድ ደግሞ ይበጠሳል። ታዲያ ምን ይሻላል?»

ያን ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። እኔም የምችለውን ያህል በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰላሁ። በመጨረሻ የወሰንነው በአንድ ትልቅ ጃንጥላ ፈንታ ሁለት ማድረግ ነው፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ብቻውን እንዲያወርደው። ጨርቅ ግን አልነበረንም። በማግስቱ ስሄድ ሃምሳ አለቃው የሰው ሱሪና የሙሽራ ኮት ወደ ጎን አድርገው የራሳቸውን ጥቁር ጃንጥላ ሲተረትሩ አገኘኋቸው። «ዝናቡ ገና ነው» አሉኝ። የኮቱ ባለቤት እዚያው ቆሞ ይነጫነጫል፤ እርሳቸው ቀና ብለውም አላዩት። በሁለት ቀን ሁለቱን ጃንጥላዎች ሰፉ። አንዱን እንዳይከፈት አስረን አሸዋውን ጣልነው። ጠንከር አድርጎ አረፈ፤ ግን በእግሩ ነው ያረፈው። ጣሳው ውስጥ ባነጠፍነው ስፖንጅ ሥር የጤፍ ጭድ ጨመርንበትና እንደገና ጣልነው። ደብተሩ ላይ የመጨረሻውን ደንብ የጻፉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ነፋሱን ለማየት በረንዳው ላይ አጋድመን በሰቀልነው እንጨት ጫፍ የተንጠለጠለችው ብጣሽ ጨርቅ በነፋስ ተነሥታ ከእንጨቱ ጋር እኩል ከተጋደመች አይጣልም።

አውደ ርዕዩ የዋለው በዐቢይ ጾም ነው። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጠዋቱን ሙሉ ባሕር ዛፉን ሲያስጎነብሰው አረፈደ። የዞን የትምህርት ኃላፊዎች መጡ፤ ርዕሰ መምህሩ እየመሩ ወደኛ ሕንፃ አመጧቸው፤ ግቢው በተማሪ ተሞላ። ሊቀመንበሯ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እንቁላል የተሳፈረበትን ጣሳ ይዛ ቆማለች። ሃምሳ አለቃው ከሰው ኋላ፣ ዛፍ ሥር ነበሩ። እኔ እጄን ከፍ አድርጌ ጀምሪ አልኳት።

ልጅቷ ብጣሽ ጨርቋን አየች። «ቲቸር፣ አንጥልም» አለች ከላይ። «ነፋሱ ከደንቡ አልፏል።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እንግዶቹ እኮ ቆመዋል» አሉኝ።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ስናገረው የማልኮራበት ነገር ነው፤ የወጣሁት ልለምናት ነበር። «አንድ ጊዜ ነው፣ ሁለት ጃንጥላ አለው፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። እሷ ደብተሩን ገልጣ ሰጠችኝ።

«ይኼን የጻፍነው ማንም ሳያየን ነው፣ ቲቸር። ዛሬ ሰው ስላየን ነው የምንሽረው?»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ብዙ አስተምሬያለሁ፤ ከተማሪ እንዲህ የተማርኩበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ወርጄ ለእንግዶቹ ነፋሱ እስኪበርድ እንደምንጠብቅ ነገርኳቸው። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሌላው ክፍል አለፉ። ሽልማቱን በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ የሠሩ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ወሰዱት። ርዕሰ መምህሩ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነፋሱ በረደ። እንግዶቹ ሄደዋል፤ ግቢው ውስጥ የቀረነው ስምንቱ ልጆች፣ ሃምሳ አለቃው፣ እኔና የኬሚስትሪው መምህር ነን። ብጣሽዋ ጨርቅ ቁልቁል ተንጠለጠለች። ልጅቷ ጣሳውን ለቀቀችው። ሁለቱ ጃንጥላዎች ተራ በተራ ተከፈቱ፣ ጣሳው አንዴ ዞር አለ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ሣሩ ላይ ቆመ። ስንከፍተው እንቁላሉ ጭዱ ውስጥ እንደ ተኛ ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም።

ልጆቹ ተቃቀፉ። ሃምሳ አለቃው ጃንጥላዎቹን አንሥተው ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው መካከል አሳለፏቸው። ከዚያ ደብተሩን ገለጡ።

«ማን አጠፈው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ።

«ፈርሚ።»

እንቁላሉ ግን ችግር ሆነብን። ጾም ስለሆነ ከመካከላችን የሚበላው የለም። በመጨረሻ ሙስሊም የሆነው የወሎው ሰው፣ የኬሚስትሪው መምህር፣ ወስዶ ጠበሰው። «ከሰማይ የወረደ እንቁላል በልቻለሁ» እያለ ለመምህራኑ ሲያወራ ከረመ።

ሃምሳ አለቃው ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ወደ ክበቡ ይመጡ ነበር። ልጅቷ ጥሩ ውጤት አምጥታ ኢንጂነሪንግ ሞላች፤ የደረሳት ግን ፋርማሲ ነው። አልቅሳ ደውላልኝ ነበር። አሁን አገሯ ደብረ ኤልያስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ሥራዋንም ወዳዋለች። እኔ በዝውውር ደጀን ገባሁ። ከመስኮቴ ሥር ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ሲያጓሩ ይውላሉ።

ከደጀን ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ በሄድኩበት አንድ ቀን፣ ከዚያ አውደ ርዕይ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በረንዳቸው ጎራ አልኩ። ከስተዋል፤ የእግር መኪናዋ ላይ ሞተር ተገጥሞላታል። ስልኬን አውጥቼ ሰሞኑን የተሰማውን ዜና አሳየኋቸው። የግል ኩባንያ የሠራው ሰው መጫኛ መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፈር ደርሶ ተመልሷል፤ ሰው ግን አልነበረበትም። ወንበሩ ላይ ሙሉ የጠፈር ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት ቀበቶ ታጥቆ ተቀምጧል፤ በውስጡ የሚደርስበትን ሁሉ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አሉ።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሳቃቸው ከሆዳቸው ነው የመጣው።

«አሸዋው ልብስ ለበሰ» አሉ።

ከዚያ ሥዕሉን በሁለት ጣት አስፍቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። የትከሻውን ስፌት፣ የጓንቱን መገጣጠሚያ ረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼን የሰፋው ሰው ስሙ ተጽፏል?» አሉኝ። ፈለግኩ፤ አልተጻፈም። የኩባንያው ባለቤት ስም አለ፤ ገና የሚሳፈሩት ሰዎች ስም አለ። ያን ሁሉ ዓመት በረሃ ላይ ባዶ መንኮራኩር የጣሉት፣ የለቀሙት፣ ገመድ የቆጠሩት፣ ደህና የሆነውን ራሳቸው አበላሽተው እንደገና ያዩት ሰዎች ስም የለም። ይህን ስነግራቸው አልከፋቸውም። «እነሱ ይተዋወቃሉ» አሉ።

ልሄድ ስነሣ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራ የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ያጠፉት ጃንጥላ ሳይከፈት የቀረበት ጊዜ ነበር?»

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አላወጡም። «የተነገረኝ የለም» አሉ። «ግን ሁሉም አይነገርም። ዘላዩ ወደ ግንባር ይሄዳል፤ ካርዱም አብሮት ይሄዳል። ሳይመለስ የቀረ ነበር። በጥይት ይሁን፣ በሌላ ይሁን፣ በኔ ይሁን፣ ማን ይነግረኛል? ስለዚህ ያጠፍኩት ሁሉ ደህና መሆኑን አላውቅም። በጥንቃቄ አጥፌዋለሁ፤ እሱን አውቃለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ። የደጀን አውቶቡስ ሊሞላ ሁለት ሰው እንደቀረው ረዳቱ ከመናኸሪያው በር ላይ ሲጣራ ይሰማል። «ቶሎ ሂጂ፣ ያመልጥሻል» አሉኝና የስፌት መኪናቸውን አስነሡ።